የመስኮታችን ድመት ጆሮ

ዐረብ አገር፣ ወይብደህ በሚባል ሰፈር ውስጥ፣ ከአንድ አሮጌ ፎቅ ሥር ባለች ክፍል እኔና ልጄ እንኖራለን። ክፍሏ ከመሬት ዝቅ ያለች ስለሆነች መስኮታችን ከጓሮው ወለል ጋር እኩል ነው። በመስኮቱ ብረት መሀል የሚታየው የሰው እግር ብቻ ነው። ስለዚህ ሰውን በእግሩ መለየት ለመድኩ። ነጠላ ጫማ እየጎተቱ የሚያልፉት አከራያችን ሐጂ ናቸው። ነጭ የስፖርት ጫማ አድርጋ ቆም እያለች የምትሄደው የሦስተኛ ፎቋ ሴትዮ ናት፤ ጡረታ የወጣች መምህርት፣ ብቻዋን የምትኖር። ማለፏ ብቻ ቢሆን ምንም አልነበረም። እሷ ግን ጎንበስ ብላ ታያለች። ጎንበስ ብሎ የሰው መስኮት የሚያይ ሰው የሚፈልገውን ካላወቅሁ እንቅልፍ አይወስደኝም።

ይህቺን ክፍል እንዴት እንዳገኘኋት ካልነገርኩ ፍርሃቴ አይገባም። ባል የሌላት፣ ልጅ የያዘች ሐበሻ ቤት ስትፈልግ በየበሩ የሚጠብቃት ጥያቄ አንድ ዓይነት ነው። ኢቃማሽ፣ የመኖሪያ ፈቃድሽ የታለ? ከፊልሽ፣ ዋስ የሆነሽ አሠሪ ማነው? የልጅቷ አባትስ? መልሱን ሳትጨርሺ በሩ ይዘጋል። ሐጂ ግን አንድ ነገር ብቻ ነው የጠየቁኝ።

«ልጅቷ ትጮኻለች?»

«አትጮኽም ሐጂ።»

ከዚያን ቀን ጀምሮ ልጄ ጮኻ አታውቅም። ትምህርት ቤቷ ከበራችን ቅርብ ነው፤ መንገድ እንኳ አትሻገርም። እኔ ዴር ግባር የሚባል ሰፈር የሰው ቤት ላጸዳ በሰርቪስ ታክሲ ሄጄ ከሰዓት በኋላ እመለሳለሁ። እሷ ቀድማኝ ትገባና ከውስጥ ቆልፋ ትጠብቀኛለች። ሕጋችን አንድ ነው፤ በር ለማንም አይከፈትም። ውሃ መጣ ቢሉም፣ ሐጂ ነኝ ቢሉም፣ እናትሽ ታማለች ቢሉም። ይህቺን ክፍል ካጣን እንዲህ ያለ ሌላ ቦታ እንደማናገኝ አውቃለሁ። ልጄም ታውቃለች፤ ነግሬአታለሁ።

ድመቷ የመጣችው ብርዱ ሲያልቅ ነው። ግራጫና ነጭ፣ ጭራዋ ጫፉ ላይ የተቆለመመ። ደረጃው ሥር ወለደች፣ ልጆቿ ሞቱ፣ ሽታው እስከ ላይኛው ፎቅ ወጣ። ብዙም ሳይቆይ የሰፈሩን ወንድ ድመቶች ጠርታ ጓሮውን የጦር ሜዳ አደረገችው። አንድ ቀን ሐጂ ተከራዩን ሁሉ ደረጃው ላይ ሰበሰቡ።

«ይቺን የሚቀልባት ሰው እዚሁ ቤት ውስጥ አለ» አሉ። «ያልበላ ድመት አይቀመጥም። ማን እንደሆነ ያወቅሁ ዕለት ዕቃውን ጠቅልሎ ከድመቷ ጋር ይወጣል። እሷን ደግሞ በሥጋ ውስጥ መርዝ አድርጌ እኔው እገላግላችኋለሁ።»

ሁሉም እርስ በርሱ ተያየ። እኔ የሦስተኛ ፎቋን ሴትዮ አየሁ። ጓሮ ለጓሮ ጎንበስ እያለች የምትዞር ሌላ ማን አለ? እሷም ቀና ብላ መለሰችላቸው።

«መርዝ ነውር ነው ሐጂ። እኔ በወጥመድ ይዤ ሐኪም ዘንድ እወስዳታለሁ። እንዳትወልድ ትደረጋለች፣ ጩኸቱም ይቆማል።»

«ድመት ሐኪም ቤት?» አሉ ሐጂ። «የኔን ጉልበት እንኳ የሚያይልኝ አጣሁ! በይ ያዢያት። እስከ ዓርብ።»

በነጋታው አንድ ረጅም የሽቦ ሣጥን ጓሮው ውስጥ ተቀመጠ። አንድ በኩሉ ክፍት ነው፤ ውስጡ ጋዜጣ ተነጥፏል፤ ጫፉ ላይ ሰርዲን አለ። ድመቷ ገብታ መሀሉን ስትረግጠው በሩ ከኋላዋ ይወድቃል። ሴትዮዋ ይህን ስታስረዳኝ አቋረጥኳትና ጠየቅኋት።

«ከዚያስ መዳም? ካዳኗት በኋላ የት ያደርጓታል?»

«እዚሁ እመልሳታለሁ። ቦታዋ ነው። ደግሞ መዳም አትበይኝ፣ ሐቢብቲ፤ ጎረቤትሽ እንጂ መዳምሽ አይደለሁም።»

ይኼ ነው ያስደነገጠኝ። የማታርፈውን ድመት በስንት መከራ ይዞ፣ አሳክሞ፣ እዚያው መመለስ ምን የሚሉት ሥራ ነው? ጎረቤትሽ ነኝ የሚል ሰውስ ከኔ ምን ፈልጎ ነው?

ኻልዳ ሰፈር ሰው ቤት ተቀጥራ ለምትኖር ጓደኛዬ በስልክ ድምፅ ላክሁላት። እሷ የኮምቦልቻ ልጅ ናት፤ አፏ አያርፍም። ወዲያው መለሰች።

«እቴ፣ ወላሂ ተጠንቀቂ! እኔ ጥርሴን ሲያመኝ ፓናዶል ዋጪ የሚሉ ሰዎች ለውጭ ድመት ኦፕራሲዮን? ሰበብ ነው። ድመት ፍለጋ ነው ብላ ቤትሽ ትገባለች፣ ልጅሽን ታያለች፣ ወረቀትሽን ትጠይቃለች። ድመቷ እንኳ ካንቺ የተሻለ ከፊል አገኘች በያ!»

ሳቅሁ፤ ግን መስኮቱን ዘጋሁ።

በዚያው ሰሞን የልጄ ነገር ያሳስበኝ ጀመር። ፊቷ ቀጠነ፣ የቀሚሷ ወገብ ሰፋ። ወቅቱ ዐቢይ ጾም ነበር፤ እኔ ምስርና ሽሮ እበላለሁ፤ ለእሷ ግን ገና ሰባት ዓመት ስላልሞላት በየማለዳው እንቁላል ቀቅዬ፣ ወተት ቀድቼ፣ ክዳን ባለው ሳህን አስቀምጥላታለሁ። ስመለስ ሳህኑ ባዶ ነው። «በላሽ?» እላታለሁ። «አልቋል» ትለኛለች። እየበላ የሚከሳ ልጅ ደግሞ ምን እንደነካው እናት አታጣውም። ሴትዮዋ አንድ ቀን ደረጃ ላይ አግኝታን የልጄን አገጭ ይዛ «ምን የመሰሉ ዓይኖች!» ብላ ነበር። ቸኮሌትም ሰጠቻት። ቸኮሌቱን ወስጄ ጣልኩት፤ የልጄንም ፊት በጠበል አጠብኩ። ከዚያ በኋላ ነጩ ጫማ በመስኮቱ ባለፈ ቁጥር ልጄን ወደ ውስጠኛው ግድግዳ እስባታለሁ።

ወጥመዱም አልሠራም። ድመቷ ወጥመዱን ትዞረዋለች፣ ሰርዲኑን ታሸትተዋለች፣ ጀርባዋን ሰጥታ ትሄዳለች። ሴትዮዋ በጓሮው ለሁሉም እንዲሰማ ድምፅዋን ከፍ አድርጋ «ሆዷ ሞልቷል! የሚቀልባት ሰው ለአንድ ቀን ብቻ ይተውልኝ!» አለች። የሌባ ዓይነ ደረቅ አልኩ በልቤ፤ ራሷ እየቀለበች።

አንድ ቀን የዴር ግባር ሰዎች ወደ ዓቀባ ለመዝናናት ስለሄዱ ቀደም ብዬ ወደ ቤት ተመለስኩ። በሩ ጋ ስደርስ ከውስጥ የልጄን ድምፅ ሰማሁ። ለሰው ነው የምታወራው።

«ብዪ፣ ቶሎ ብዪ። እናቴ ሳትመጣ ጨርሺ።»

ገባች፣ አልኩ፤ ያች ሴትዮ ገባች። በራሴ ቁልፍ ከፍቼ ስገባ ልጄ አልጋው ላይ ተንበርክካለች፤ በእጇ የተላጠ እንቁላል ይዛለች። መስኮቱ ላይ፣ በብረቱ መሀል፣ ድመቷ ተቀምጣ አስኳል እየላሰች ነው።

«በር አልከፈትኩም!» አለች ልጄ ገና ሳልናገራት። «በመስኮት ነው የመጣችው። አንቺ ያልሽው በር ነው።»

«እንቁላሉን ለምን ትሰጫታለሽ?»

«እየጾምኩ ነዋ።»

«ማን ጹሚ አለሽ?»

«አንቺንስ ማን አለሽ?»

ወተቱስ ብዬ ጠየቅኋት።

«ወተትም በጾም አይሆንም። ምግብ መድፋት ደግሞ ኃጢአት ነው ብለሻል። እሷ ጾም የለባትም፤ ጠይቄአታለሁ።»

አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጥኩ። የሰው ዓይን አለመሆኑን ሳውቅ ትንሽ አረፍኩ፤ ዕረፍቱ ግን አልቆየም። ሐጂ የሚፈልጉት ቀላቢ የኔው ልጅ ናት። የጓሮው ሰው ሁሉ የሚፈልገው ነገር እኔ አልጋ ላይ ተንበርክኳል።

መስኮቱን ቆለፍኩ። ይበቃል ብዬ ነበር፤ ይልቁን ባሰ። ድመቷ ጠዋትም ከሰዓትም መጥታ መስታወታችን ፊት ትጮኻለች። የሌላ ሰው መስኮት አታይም። ፍርድ ቤት የቆመ ምስክር እንኳ እንደሷ አይጠቁምም። ሐሙስ ዕለት ነጠላ ጫማው እየተጎተተ መጣና መስኮታችን ፊት ቆመ። ቆየ። ከዚያ ሄደ።

አሰብኩ። ዝም ብል ሐጂ ነገ መርዙን ያስቀምጣሉ፤ ድመቷም ምስክርነቷም አብረው ያልቃሉ። ግን መርዝ የላሰ አፍ መጀመሪያ የሚመጣው ወዴት ነው? ወደ ልጄ እጅ ነው። እኔ ሥራ ላይ ሆኜ ልጄ መስኮቱን እንደማትከፍት ማን ያረጋግጥልኛል? ሴትዮዋን ብጠራት ደግሞ ምስጢሬን ይዛ ትወጣለች፤ እኛን ለማስወጣት ለሐጂ አንድ ቃል ይበቃታል። ሁለቱንም ፈራሁ፤ መርዙን ግን አብልጬ ፈራሁ። ደረጃውን ወጣሁ።

ሴትዮዋ በሩን ስትከፍት ወዲያው ተናገርኩ፤ ካመነታሁ የምመለስ መሰለኝ።

«ድመቷ ወደ ሌላ አትሄድም። የኛን እንቁላል ለምዳለች። ልጄ ናት የሰጠቻት።»

አፏን በእጇ ይዛ ሳቀች። «ሰርዲን በየቀኑ ስገዛ እናንተ እንቁላል!»

«ለሐጂ ይነግሩብኛል?»

«እኔ?» አለች። «ከሐጂ ጋር በሊፍቱ ጉዳይ ከተጣላን ወዲህ፣ ከድመቷ ነገር በቀር፣ ሰላምታ እንኳ በጎረቤት ነው የምልክላቸው።»

ይህም አላሳመነኝም፤ የተጣላ ሰው ለመታረቅ የሰው ምስጢር ይዞ ይሄዳል። ግን ሣጥኑን ተሸክማ ተከተለችኝ። ሰው ወደ ክፍላችን ሲገባ ያ የመጀመሪያው ነበር። ዓይኗ የት የት እንደሚያርፍ ተከታተልኩ። አልጋውን አየች፣ የልጄን ቦርሳ አየች፣ ወረቀቶቼ ያሉበትን ሻንጣ አላየችም። ወይም እንዳላየች ሆነች።

ሣጥኑን ከመስኮቱ ሥር፣ አልጋው ላይ አስቀመጠችው። ልጄ እንቁላሉን ልጣ በሁለት ከፈለችው። መስኮቱን ከፈትንና ሦስታችንም በሩ አጠገብ መሬት ላይ ተቀመጥን። ድመቷ በብረቱ መሀል ገባች፣ እኛን አየች፣ ሣጥኑን አየች። ልጄ በሹክሹክታ «ነይ፣ ያው የኛው ነው» አለቻት። ገባች። በሩ ቷ ብሎ ወደቀ።

እንዲያ ያለ ጩኸት ሰምቼ አላውቅም። ድመቷ ከሽቦው ጋር ትጋጫለች፣ ሣጥኑ አልጋው ላይ ይዘላል፣ ልጄ ታለቅሳለች። «ጨርቅ! ጨርቅ!» አለች ሴትዮዋ። «ከጨለመላት ዝም ትላለች!» ያገኘሁት የልጄን ብርድ ልብስ ነው። ጣልኩበት። እውነትም ወዲያው ጸጥ አለ። ያን ጊዜ በሩ ተንኳኳ።

«ምንድን ነው ይኼ ጩኸት?» ሐጂ ናቸው።

ከመክፈት በቀር ምን አደርጋለሁ? ከፈትኩ። ሐጂ መጀመሪያ እኔን፣ ቀጥሎ ሴትዮዋን፣ ከዚያ የተሸፈነውን ሣጥን አዩ። መጨረሻ ላይ ዓይናቸው መሬት ላይ ያለው የእንቁላል ቅርፊት ላይ ቆመ።

ከጥቂት ቀናት በፊት ክናፋ የሚባል ጣፋጭ በሳህን አምጥተውልን ነበር። አይብ ስላለበት «ጾም ነኝ ሐጂ» ብዬ መለስኩ። «ፀሐይ እስክትጠልቅ አስቀምጪዋ» አሉኝ። «የኛ ጾም እስከ ፋሲካ ነው» ብላቸው እስኪያስላቸው ሳቁ። ስለዚህ አሁን ወደ ቅርፊቱ እያመለከቱ ጠየቁኝ።

«ፋሲካ ደረሰ እንዴ?»

«ለልጄ ነው ሐጂ። ልጅ አይጾምም።» ውሸት አልነበረም፤ ሙሉ እውነትም አልነበረም።

ሴትዮዋ ሣጥኑን አነሳች። «ድመቷ የኔ ናት» አለች። «በኔ ምክንያት ነው የምትመጣው፤ ስትሸሸኝ እዚህ ገባች፣ ያዝኳት። ያሳልፉኝ ሐጂ።»

ሐጂ ከበሩ ዘወር አሉላት። ለኔ «እናያለን» ብለው ወጡ። እናያለን የሚለው ቃል ለቀናት ከጆሮዬ አልወጣም። ሴትዮዋም ለምን የኔ ናት አለች? ማንም ሰው በነጻ የሌላውን ጥፋት አይሸከምም። አንድ ቀን ትጠይቀኛለች ብዬ ጠበቅሁ።

ድመቷ በሳምንቱ ተመለሰች። ሴትዮዋ ሣጥኑን ጓሮው ውስጥ ስትከፍተው እንደ ጥይት ወጣች፤ ወዲያው ግን መስኮታችን ላይ ተቀመጠች። ልጄ አየቻትና እጄን ያዘች።

«እማ፣ ጆሮዋን ቆርጠዋታል!»

እውነት ነው። የግራ ጆሮዋ ጫፍ ቀጥ ተደርጎ ተቆርጧል። ለጓደኛዬ ነገርኳት።

«አላልኩሽም?» አለች። «ዛሬ የድመቷን ጆሮ፣ ነገ ያንቺን!»

እኔ ግን ሌላ ነገር ነበር ያሰብኩት። በእኛ አገር አባቴ የበጎቹን ጆሮ እንዲሁ ይቆርጥ ነበር። በግ ከጎረቤት መንጋ ሲቀላቀል የማን እንደሆነ የሚታወቀው በጆሮው ነው። አሃ፣ አልኩ፤ የኔ ናት ያለችው ለካ ከልቧ ነው፤ ምልክቷን አደረገችባት። ከዚያ በኋላ ወደ ታክሲው ስወርድ በየቆሻሻ ገንዳው ላይ ያሉትን ድመቶች ማየት ጀመርኩ። የአንዱ ጆሮ ተቆርጧል፤ የሌላውም፤ የዚያኛውም። ይቺ ሴትዮ ስንት መንጋ ነው ያላት? አልኩ።

ዓርብ ከሶላት በኋላ ሐጂ ወደ ጓሮው መጡ። በመስኮቱ መጀመሪያ የታየኝ ነጠላ ጫማቸው ነው፤ ቀጥሎ ጥቁር ፌስታል። ፌስታሉ ሥጋ ሥጋ ይሸታል። ድመቷ መስኮታችን ላይ ነበረች።

«መለሰቻት!» ሲሉ ሰማኋቸው። «ወስዳ መለሰቻት! ይቺ ሴት አብዳለች። አንቺም…» ጎንበስ ብለው በብረቱ መሀል አዩኝ። «አንቺም ለምን ሁልጊዜ ካንቺ መስኮት እንደማትጠፋ ዛሬ ትነግሪኛለሽ።»

ልጄ አልጋው ላይ ደብተሯን ይዛ ነበር። አፏን በሁለት እጇ ስትይዝ አየኋት፤ እንዳትጮኽ። እንዴት እንደወጣሁ አላውቅም፤ ጓሮው ውስጥ ሐጂ ፊት ቆሜ ራሴን አገኘሁት። በዚያ ቤት ተጠይቄ ካልሆነ ተናግሬ አላውቅም ነበር።

«ሐጂ፣ ባለቤት አላት። ጆሮዋን ይመልከቱ።»

«ጆሮዋ ምን ሆነ?»

«ምልክት ነው። በእኛ አገር የአባቴ በጎች እንዲህ ነበሩ። ጆሮው የተቆረጠ ከብት ባለቤት አለው፤ ሰው አይነካውም።»

መነጽራቸውን ወደ ግንባራቸው አውጥተው አዩ። ከዚያ የደረጃው ጫፍ ላይ ተቀመጡ።

«ወስም» አሉ፤ የከብት ምልክት ማለታቸው ነው። «አባቴም ከረክ፣ ገጠር፣ በጎች ነበሩት። የኛ ቀኝ ጆሮ ነበር።» ጣታቸውን ጆሯቸው ላይ አድርገው አሳዩኝ። «የሌላ ሰው ወስም ያለበትን የገደለ ሰው አባቴ ቤቱ ቡና አይቀዳለትም ነበር።» ትከሻቸው እየተንቀጠቀጠ መሳቅ ጀመሩ። «ሴትዮዋ ድመት አረባች! ለድመት ወስም!»

ቀና ስል ሴትዮዋ ሦስተኛው ፎቅ በረንዳ ላይ ቆማለች። ሁሉንም ሰምታለች። አንድ ቃል አልተናገረችም።

«በይ እንግዲህ» አሉ ሐጂ ወደ ላይ ሳያዩ። «ባለቤት ያለውን የሚቀልበው ባለቤቱ ነው። ከሌላው ጋር ጉዳይ የለኝም።» ፌስታሉን ይዘው ተነሡና ውጭ ያለው ገንዳ ውስጥ ጨመሩት። ድመት እንዳይወስደው ተመልሰው ሄደው ክዳኑ ላይ ድንጋይ ጫኑበት።

በዚያው ዕለት ከሰዓት በኋላ ሴትዮዋ ወርዳ አንኳኳች። ሰንሰለቱን ሳልፈታ ከፈትኩ። በክፍተቱ እየሳቀች ነገረችኝ፤ ጆሮ የሚቆረጠው የባለቤት ምልክት ሆኖ አይደለም፤ የታከመች ድመት ዳግመኛ እንዳትያዝ፣ ከሩቅ እንድትለይ ነው። በከተማው ሁሉ እንዲሁ ነው የሚያደርጉት።

«ታዲያ ለሐጂ ለምን አልነገሯቸውም?»

«ምን ጎደለኝ?» አለች። «ድመቷም አለች፣ ቤትሽም አለ።»

ሰንሰለቱን ፈታሁላት። አልገባችም፤ ልጄን ሰላም ብላ ወጣች። እስካሁን የጠየቀችኝ ነገር የለም። እኔም መጠበቄን አልተውኩም።

ልጄ አሁን እንቁላሏን ፊቴ ትበላለች፤ ጨርሳ አፏን ከፍታ ታሳየኛለች። ሰባት ዓመት ሲሞላት አብረን እንጾማለን ተባብለናል። የድመቷን ምግብ ሴትዮዋ ሦስተኛ ፎቅ በረንዳዋ ላይ ታስቀምጣለች፤ ድመቷ ግን በልታ ስትጨርስ ፀሐይ የምትሞቀው እኛ መስኮት ላይ ነው።

ሐጂ ሲያልፉ ነጠላ ጫማቸው ይቆማል። «ባለቤትሽን ሰላም በያት» ይሏታል ድመቷን። ባለፈው ደግሞ ጆሮው የተቆረጠ ጥቁር ድመት ጓሮ ውስጥ አይተው ጎንበስ ብለው ጠየቁኝ።

«ይኼም የሷ ነው?»

«አዎ ሐጂ፣ የሷ ነው።»

ጭንቅላታቸውን ነቀነቁ፤ ቆም ብለውም በብረቱ መሀል አዩኝ። ሐጂ በየማለዳው ጋዜጣ የሚያነቡ ሰው ናቸው። ወይብደህ ውስጥ ከወጣትነታቸው ጀምሮ ኖረዋል፤ ጆሮው የተቆረጠ ድመት ያን ቀን የመጀመሪያቸው ይሁን አይሁን እንጃ። ምናልባት ያን ዓርብም የባለቤት ምልክት እንዳልሆነ ያውቁ ነበር። አልጠየቅኋቸውም። ጫማው ተጎትቶ እስኪርቅ ጠበቅሁና ልጄን «ደብተርሽን ቀጥዪ» አልኳት።